ጋሽ ሜትር ነገ ይመጣሉ

ከአውቶቡስ ጣቢያው እስከ ሆቴሉ ያደረሰኝ ሹፌር እጥፍ ሂሳብ ተቀበለኝ። መኪናው ከኋላው የሚዘረጋ የብረት መወጣጫ አለው፤ ዊልቸር የሚገባው በዚያ ነው። ሹፌሩ ብቻዬን ቆሜ ሲያየኝ መጀመሪያ ከጀርባዬ ሰው ፈለገ፤ ቀጥሎ ከሻንጣዬ ጀርባ ፈለገ።

«ዊልቸሩስ?» አለኝ።

«የለም።»

«እንግዲህ እትዬ፣ ኖረም አልኖረም የታዘዘው መኪና ይኸው ነው። መወጣጫውን ዘረጋሁትም አልዘረጋሁትም ዋጋው አይለወጥም።»

«ገብቶኛል።»

ስላልተከራከርኩት ቅር ያለው መሰለኝ። ለክርክር ታጥቆ የመጣ ሰው እሺ ሲሉት የሚጨብጠው ያጣል። መንገዱን ሁሉ ስለ መለዋወጫ ውድነት አወራልኝ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አይ ነበር፤ ምን እንዳየሁ ግን ዛሬ ብጠየቅ አላውቅም።

ባለቤቴ ቢሆን አይለቀውም ነበር። እንዲህ ያለውን ጭማሪ ሁሉ «የጎማ ግብር» ይለው ነበር። ለመኪናው የጎማ ግብር፣ ለጀልባው የጎማ ግብር፣ በሩ ሰፋ ላለ ክፍል የጎማ ግብር። «ሰው በሁለት እግሩ ሲሄድ አንድ ነው፤ በጎማ ሲሄድ ሁለት ይሆናል። ያገባሽው ሁለት ባል ነው፤ ዕድለኛ ነሽ» ይለኛል። ሥራው የመሬት ቅየሳ ነበር። በወጣትነቱ ከገደል ወድቆ ወገቡ ከተመታ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ካርታ ክፍል አስገባው፤ መለካቱን ግን አልተወም። ለሽርሽር ስንነሳ ወደ ሆቴሎች የሚደውለው ስለ ምግቡ ወይም ስለ መስኮቱ እይታ ሊጠይቅ አልነበረም። የመታጠቢያ ቤቱን በር እንዲለኩለት ነበር። «ሰፊ ነው ጌታዬ» ሲሉት «ሰፊ ቁጥር አይደለም» ይልና ሜትር ፈልገው እስኪመጡ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል።

ይህን ሆቴል ያገኘው እሱ ነው። ሐይቅ ዳር ነው፤ ዊልቸር የሚያስገባ አንድ ክፍል ብቻ ምድር ቤት አለው። እሱም አንድ በመሆኑ ከሌሎቹ ይወደዳል፤ አንድ በመሆኑም ከወራት በፊት መያዝ ነበረበት። ያዘ። ከፈለ። ከዚያ ሞተ።

እህቴ «ሰርዢው» አለችኝ። ክፍሉን በያዘበት የጉዞ ወኪል ዘንድ ስደውል ያነጋገረችኝ ልጅ ልዩ ክፍል የያዘ ሰው ገንዘቡ እንደማይመለስለት በትሕትና ነገረችኝ፤ ልዩ ዝግጅት ተደርጎበታልና። «እንግዲያው ሂጂ። ቤት ተቀምጠሽ ግድግዳ ከምታዪ ሐይቅ እዪ» አለች እህቴ። መሄድና መቅረት ለእኔ አንድ ነበሩ። መሄዱ ግን ቲኬት ነበረው።

እንግዳ ተቀባዩ በዕድሜ እኔን የሚያክል፣ ራሰ በራ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የሰፋው ሰው ነው። በማን ስም እንደተያዘ ስነግረው ፊቱ በራ። በባንኮኒው ላይ ወደ ፊት ተንጠራርቶ በሩን አየ፤ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ፣ የተቀመጠ ሰው ፊት በሚሆንበት ከፍታ።

«ጋሽ ሜትርስ?»

«ማን?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ እኛ እዚህ የምንጠራቸው እንዲህ ነው። እኒህ ሰውዬ እኮ በስልክ ሆቴሉን በሙሉ አስለክተውኛል! የበሩን ስፋት፣ የመብራቱን ማብሪያ፣ የአልጋውን ከፍታ። ‹መካከለኛ አልጋ ነው› ብላቸው ‹መካከለኛ ሰው ሲመጣ ያስተኙበት፤ ለእኔ ይለኩልኝ› አሉኝ። ከአልጋው ሥር በደረቴ ተኝቼ ለካሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ!» ድምፁን ቀነሰ። «የሻወሩን መቀመጫ ጭማሪ ሰርዤላቸዋለሁ። በሳቅ ነው ያሰረዙኝ። አለቃዬ እስካሁን አልሰማም።»

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

«የት አሉ? መኪናው ውስጥ ናቸው? መጥቼ ላግዝ?»

አፌን ከፈትኩ። ያን ቃል እስከዚያ ቀን በገዛ አፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። መስማት ለነበረባቸው ሰዎች ሁሉ እህቴ ናት የነገረችልኝ። የምሠራበት ፋርማሲ መስኮት ላይ ባልደረቦቼ ለጥፈውት ስለነበር ደንበኞችም ከእኔ ሳይሰሙ አነበቡት። እኔ የሚጠበቅብኝ አንገቴን መድፋት ብቻ ነበር።

«ይመጣል» አልኩ።

«መቼ?»

«ነገ።»

«ነገ! ግሩም ነው። ነገ ተረኛ ባልሆንም እመጣለሁ። ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን አላውቅም እኮ፤ ረዥም ሰው ይመስሉኛል።»

«ረዥም ነው» አልኩ።

ዋሸሁ ብዬ አላሰብኩም። ሰዓት ጠይቆኝ ሰዓት የነገርኩት ያህል ነበር የተሰማኝ።

ክፍሉ ባለቤቴ እንዳለው ነበር። የልብስ መስቀያው ከደረቴ በታች ነው፤ ቀሚሴን ስሰቅለው ጫፉ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። መብራቱን ለማብራት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ፤ ማብሪያው ወገቤ ጋ ነው። መስታወቱ አንገቴ ላይ ይቆርጠኛል። ጠረጴዛው ሥር መሳቢያ የለውም፤ ጉልበት እንዲገባ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ደፍ የለውም፤ ወለሉ ሳይሰበር ይቀጥላል። እሱ እግሩን ሳያስገባበት ልቅም አድርጎ የሚያውቀው ክፍል ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አላለቀስኩም። ክፍሉ ሰው እየጠበቀ ነበር፤ እኔም አብሬው ጠበቅሁ።

በማግስቱ እንግዳ ተቀባዩ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ቆየኝ። «ዛሬ አይደል?» አለ።

«ሥራ ይዞታል። ነገ።»

«ጡረታ አልወጡም እንዴ?»

«ካርታ አላለቀለትም።»

ክፍሌን የምታጸዳው ሴት ከበስተኋላዬ መጥረጊያዋን ተደግፋ «ወንድ ልጅና ሥራ! ሚስት ሐይቅ ዳር ልኮ ወረቀት አቅፎ ይተኛል» አለች። ሳቁ። እኔም በሳቁበት በኩል ፈገግ አልኩ።

በምግብ አዳራሹ አስተናጋጁ ከእኔ ጠረጴዛ አንዱን ወንበር አንስቶታል። ፊት ለፊቴ ዊልቸር የሚያህል ባዶ ቦታ ነበር። እሱን እያየሁ ቁርሴን በላሁ፤ ምሳዬንም። ሐይቁ በስተቀኜ ነበር፤ እህቴ እንዳየው የፈለገችው እሱን ነው፤ ዞሬ ያየሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው ቀን እንግዳ መቀበያው አጠገብ ጋዜጣ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ከውጭ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ክሬን! ቀስ በል እንጂ! የዱቄት ጆንያ መሰልኩህ?»

ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ዊልቸር እየገፋ ገባ። ዊልቸሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት በሠላሳዎቹ አጋማሽ ትሆናለች፤ የለበሰችው ቀሚስ ለተቀማጭ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ነው፤ ፊቱ አጠር፣ ኋላው ረዘም ያለ። ራሷ እንደሰፋችው ኋላ ነገረችኝ፤ ልብስ ሰፊ ናት። ክሬን ያለችው ታላቅ ወንድሟን ነው። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ የመኪና አደጋ ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ አልጋ ላይም ሽንት ቤትም እያነሳ የሚያስቀምጣት እሱ ስለሆነ ስሙ ክሬን ሆኖ ቀርቷል።

«የእናንተ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት አለ» አለ እንግዳ ተቀባዩ። «የመታጠቢያ ቤቱ በር ትንሽ ጠባብ ነው። አናጢያችን በሩን ያወልቀውና መጋረጃ ይሰቅላል። ለእሱ አነስ ያለ ጭማሪ አለ።»

«የምን ጭማሪ?»

«የበር ማውለቂያ።»

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ዞራ አየችው። «ሰማህ? እኔ ደግሞ እስካሁን ለልብስ ማውለቂያ አላስከፍልም፤ ለካ ከስሬ ኖሯል።» ወደ እንግዳ ተቀባዩ ተመለሰች። «መልሳችሁ ስትሰቅሉትስ ታስከፍሉኛላችሁ?»

«እሱ አብሮ የታሰበ ነው።»

«ቸርነታችሁ አያልቅም። ምድር ቤት ያለውስ ክፍል? ዊልቸር የሚያስገባው?»

«እሱ ተይዟል እህቴ። በስልክም ነግሬሻለሁ።»

«የያዘው ሰው ገብቷል?»

እንግዳ ተቀባዩ ወደ እኔ አላየም። ጨዋ ሰው ነው። «ነገ የሚመጡ እንግዳ አሉ» አለ።

ጋዜጣውን ገለበጥኩ። በዚያ ሰዓት ተነስቼ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ ላኖረው እችል ነበር። አላኖርኩም። ክፍሉ የእሱ ነው። ሌላ የቀረ የእሱ የሆነ ነገር ሁሉ የኋላ ነው፤ ልብሱ፣ መጽሐፉ፣ መሥሪያ ቤቱ የመለሰልኝ የቡና ስኒ። ወደ ፊት ያለው ይህ ክፍል ብቻ ነበር። እዚህ ሆቴል ውስጥ ባለቤቴ መንገድ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ይጠብቁታል፤ ዘገየ ብለው ያሙታል። ይህን ለማንም ልሰጥ አልፈለግሁም።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በአዳራሹ በር ገብታ ጠረጴዛዎቹን ቃኘችና ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«ይቺ ቦታ ለእኔ የተተወች ነው የምትመስለው። ሰው አላት እትዬ?»

አስተናጋጁ ሮጦ መጣ። «የጋሽ ሜትር ቦታ ነው» አለ።

«ሲመጡ እለቃለሁ። እኔ እንደ ሌላው ሰው አልቀመጥም፤ ተቀምጬ ነው የምመጣው።»

«ግቢ» አልኳት።

ገባች። ባዶው ቦታ ልኳ ነበር። ወንድሟ ከሌላ ጠረጴዛ ወንበር ጎትቶ ከጎኗ ተቀመጠና ዳቦውን አንስቶ ከሥሩ መታ መታ አድርጎ አዳመጠው።

«እሱን ተዪው» አለችኝ፤ ወዲያው ታረመች፤ «ይተዉት። የሰው ዳቦ ሳያማ አይበላም።»

«ምድጃው ሳይግል ነው የከተቱት» አለ ክሬን።

ጨዋታዋ ጥሩ ነበር። አውቶቡሱ ዊልቸሯን እንደ ዕቃ፣ እሷን እንደ ሰው ቆጥሮ ሁለት ጊዜ እንዳስከፈላት ነገረችኝ። ወደ ደሴቱ የምትሄደው ጀልባ ደግሞ አጃቢ የሌለውን ዊልቸር አታሳፍርም፤ አጃቢውም ሙሉ ይከፍላል። «ትናንት ከሰዓት ሄድን። ይሄ ውሃ ይፈራል። ጀልባው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የእኔን ቀሚስ ጨምድዶ ይዞ ነው የተመለሰው። እኔ ነኝ ያጀብኩት፤ ሂሳቡ ግን በአጃቢነት ተቆረጠለት።»

«ዓይኔን የጨፈንኩት በፀሐዩ ነው» አለ ክሬን።

«ፀሐይ ከኋላህ ነበረች።»

አስተናጋጁ ውሃ ሊቀዳ ሲጎነበስ ልብስ ሰፊዋ መዳፏን ብርጭቆው አፍ ላይ አደረገች። ወሬዋን አላቋረጠችም፤ ዓይኗም ወደ ብርጭቆው አልሄደም። ሻይ መጣላት፤ ከንፈሯን አስነክታ መለሰችው። ያን መዳፍ አውቀዋለሁ። ስንት አገልግል ምግብ በልተን፣ ስንት ምግብ ቤት ገብተን፣ ባለቤቴ እየቀለደ እየሳቀ መዳፉን እንዲያ ብርጭቆ ላይ ሲያደርግ አይቻለሁ።

«ውሃ ከጠጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አልኳት።

«ኧ?»

«ውሃ።»

«መንገድ ስወጣ አላበዛም።»

«መንገድ የወጣሽው መቼ ነው?»

ሳቀች። ወንድሟ ግን አልሳቀም። ዳቦውን አስቀመጠ። «እስቲ እርስዎ ይንገሩልኝ እትዬ። ሌሊት ተነስቼ ላነሳት እንዳልደክም ብላ ነው። እኔ ጋጋሪ ነኝ! ሌሊት ያልተነሳሁ መቼ ነው የምነሳው?»

«የድካም ነገር አይደለም» አለች። ጨዋታው ከድምፅዋ ወጣ። «ያነሳኛል፤ ያስቀምጠኛል፤ ከዚያ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሞ ያፏጫል። አልሰማሽም ለማለት ነው። ወንድሜ እንዲያፏጭልኝ አልፈልግም። እቤት በርጩማ ላይ እየተጎተትኩም ቢሆን በር እዘጋለሁ። ባልጠጣ ነው የሚሻለኝ።»

ክሬን ጆሮው ቀላ። «በሩ ከሌለ ምን ላድርግ?» አለ።

«ሽንትሽ ምን ዓይነት ቀለም አለው?» አልኳት።

«በቁርስ ላይ?»

«ፋርማሲስት ነኝ።»

ትንሽ አየችኝ። «ይህን ሻይ ይመስላል» አለች።

«ማታ ማታ ይበርድሻል?»

«እሱን ማን ነገረዎት?»

ማንም አልነገረኝም። ባለቤቴም እንዲሁ ነበር የጀመረው፤ ከአንድ ሽርሽር ስንመለስ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለው ነበር፤ ሐይቅ ዳር ነፋስ መታኝ አለ። ኋላ ኩላሊቱ ነው አሉን። በየመንገዱ፣ በየጠባቡ በር ምክንያት ያልጠጣው ውሃ ነው የገደለው። ሐኪሙ እንዲያ አላለም፤ ሐኪም እንዲያ ያለ ነገር አይናገርም። እኔ ነኝ የምለው።

ዛሬውኑ ክሊኒክ እንዲወስዳት ለክሬን ነገርኩት፤ ምን ምርመራ እንደሚጠይቁም አስረዳሁት። እሺ አለ። እሷ ደግሞ «ሽርሽር የመጣሁት መርፌ ልወጋ ነው?» እያለች ሄደች። ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ይዘው ተመለሱ፤ የኩላሊት ኢንፌክሽን ጀምሯታል፤ በደንብ ውሃ ጠጪ ተብላለች። ራት ላይ ግን መዳፏ እንደገና ብርጭቆው ላይ ነበር። ክሬን እኔን አየኝ። ልመና ነበር፤ ምን እንደሚለምነኝ ግን እሱም አያውቅም።

ከራት ተነስቼ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄድኩ።

«ክፍል ልለውጥ ነው» አልኩት ለእንግዳ ተቀባዩ። «ልብስ ሰፊዋ የእኔን ትውሰድ። እኔ የእነሱን እወስዳለሁ፤ ለወንድሟ ሌላ አንድ ክፍል ይፈለግለት።»

«ጋሽ ሜትር ሲመጡስ?»

«ግድ የለም።»

«እንዴት ግድ የለም እትዬ? ቃል አስገብተውኛል እኮ። ‹ሚኒስትር ቢመጣ፣ የሆቴሉ ባለቤት ቢመጣ፣ ይህን ክፍል አሳልፈህ እንዳትሰጥ› ብለውኛል። እኔም እሺ ብያለሁ። ሰው ቃል ከገባ ገባ ነው።»

«እሱ አይቀየምዎትም።»

«እሳቸው?» ሳቀ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ባልዎን አያውቋቸውም! ለሁለት ጣት ስፋት ግማሽ ሰዓት የተከራከሩኝ ሰው ናቸው።»

እኔም ዕድሜዬን ከባንኮኒ ጀርባ ነው ያሳለፍኩት። ከወዲያ ያለው ሰው የሚጠይቀውን ነገር ምክንያቱን ሳይናገር ሲቀር አውቃለሁ፤ እንዲናገር ዝም ብዬ የምጠብቅበትም ጊዜ አለ። እንግዳ ተቀባዩም አሁን ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

«አይመጣም» አልኩ።

«ነገም?»

«ነገም።»

ፊቱ ላይ ትንሽ ተንኮል ታየ። «ተጣላችሁ እንዴ? ይኸማ በባልና ሚስት ያለ ነው። እኔ ልደውልላቸው። እኔን እምቢ አይሉም፤ ‹አልጋው ባንድ ጣት ዝቅ ብሎ ተገኘ› ብላቸው ዛሬውኑ ነው የሚሳፈሩት።» የስልኩን እጀታ አንስቶ ቁጥሩን ከኮምፒውተሩ ላይ ይፈልግ ጀመር።

እጄን ስልኩ ላይ ጫንኩ።

«ሞቷል» አልኩ።

ድምፄ እንደ ወትሮው ነበር። ለደንበኛ መድኃኒቱ አልቋል ስል የማወጣው ድምፅ ነው።

እንግዳ ተቀባዩ እጀታውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እስከዚያች ሰዓት ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

«መቼ?»

«ክፍሉን ከያዘ በኋላ።»

«እንግዲያ ያን ዕለት... ሲገቡ...»

«አዎ።»

«ነፍስ ይማር» አለ። ቆየት ብሎ ደገመው። መሐረቡን አውጥቶ ራሰ በራውን ጠረገ፤ ከዚያ ዓይኑን። በስልክ ብቻ ለሚያውቀው ሰው አለቀሰ። እኔ ከጀርባው ያሉትን የቁልፍ ማንጠልጠያዎች አየሁ። አንዳንዱ ላይ ቁልፍ ነበር፤ አንዳንዱ ላይ አልነበረም። ከዚያ ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም።

ሲረጋጋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ጥቂት ነካካና ቆመ። «እትዬ፣ አንድ ችግር አለ» አለ ሳያየኝ። «ሌላ እንግዳ ሳስገባ የልዩ ክፍሉን ጭማሪ እንደ አዲስ ይጠይቀኛል።»

«ተከፍሏል እኮ።»

«በእሳቸው ስም ነው የተከፈለው። እሳቸው ከተሰረዙ አብሮ ይሰረዛል። ገንዘቡም አይመለስም። ለልጅቷ አዲስ ሂሳብ ነው የሚወጣላት፤ አሠራሩ እንዲያ ነው።»

«ልጅቷ ከዚህ በላይ አትከፍልም» አልኩ።

«እኔስ መቼ ጠላሁ?»

ሁለታችንም ኮምፒውተሩን ተመለከትን። ስሙ እዚያ ላይ ነበር፤ ከጎኑ «የሚጠበቅ» ይላል።

«እንግዲያው አይሰረዝ» አልኩ። «መጥቷል ይበሉት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ስለ አለቃው ያሰበ መሰለኝ። ከዚያ አንዲት ነገር ነካ። «ጋሽ ሜትር ገብተዋል» አለ በዝቅተኛ ድምፅ። እንደማነብለት ሁሉ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። አነበብኩት።

«የበር ማውለቂያውንስ?» አልኩ።

«እሱን ምንም ላደርገው አልችልም። በሩ ወልቋል።»

ሻንጣዬን ለመሙላት ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። ከክፍሉ ስወጣ ክሬን ዊልቸሩን እየገፋ በኮሪደሩ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ሰምታለች። ቀልዷን ሁሉ ጥላ እጄን ያዘች።

«አልነገሩኝም እትዬ። ቦታቸው ላይ ተቀምጬ ስንት ነገር ቀባጠርኩ።»

«ባዶ ነበር» አልኳት። «መጀመሪያ ውሃ ጠጪ።»

ቆሜ ሁለት ብርጭቆ አጠጣኋት። በሩን አየች፤ ወለሉን አየች፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ገብታ በራሷ እጅ ዞራ ወጣች፤ እንደገና ገባች። ከግድግዳው የሚታጠፈውን የሻወር መቀመጫ እየነካካች «ይህን እንዴት ነው የሚወጡበት? እኔ እኮ ያለ ክሬን ወጥቼ አላውቅም» አለች።

አሳየኋት። «ዊልቸሩን በሰያፍ አስጠጊው፤ ፊት ለፊት አይደለም። ፍሬኑን ያዢ፤ ሁለቱንም። አንድ እጅሽ ብረቱ ላይ፣ አንዱ ከጭንሽ ጎን። አሁን ጭንቅላትሽን መሄድ ከምትፈልጊበት በተቃራኒ አዘንብዪው። በተቃራኒ ነው፤ አትፍሪ። ጭንቅላት ወዲህ ሲመጣ ወገብ ወዲያ ይሄዳል።»

ክሬን እጆቹን ዘርግቶ ወደ ፊት መጣ። «ተዋት» አልኩት። መጀመሪያ ሞከረችና ወደ ዊልቸሯ ተመለሰች። እንደገና ሞከረች። ሦስተኛው ላይ መቀመጫው ላይ ተገኘች፤ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተበትኖ ትንሽ ታለከልካለች።

«ውጡልኝ» አለች።

ወጣን። በሩን ዘጋች። ከውስጥ መቀርቀሪያው ጠቅ ሲል ሁለታችንም ሰማነው። ቆይቶ ውሃው ተከፈተ።

ክሬን ክፍሉ መሃል ቆሞ ነበር፤ ክንዶቹን ምን እንደሚያደርጋቸው አላወቀም። መጀመሪያ አጣጠፋቸው፤ ከዚያ ኪሱ ከተታቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ እንዲቀመጥ ምልክት ሰጠሁት። ተቀመጠ። እኔም ከሻንጣዬ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ብትወድቅስ?» አለ።

«ትጠራሃለች።»

«ባትጠራስ?»

«አልወደቀችም ማለት ነው።»

ይህን አሰበበት። በሩን አየ፤ እጆቹን አየ፤ ደግሞ በሩን አየ።

«አደጋው ከደረሰባት ወዲህ እንዲህ ባዶ እጄን ተቀምጬ አላውቅም» አለ። «ግራ ይገባል እኮ። እርስዎ እንዴት አድርገው ቻሉት?»

«እየለመድኩት ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ውሃው ገና ይፈስሳል። ልብስ ሰፊዋ አልቸኮለችም።